ዶርም ወይስ ኪራይ? በባሕር ዳር የአንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ጉዳይ

ተማሪዋ የ19 ዓመት ልጅ ናት። የመጣችው ከጋይንት ነው። በ2017 የትምህርት ዘመን በተፈጥሮ ሳይንስ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ከዩኒቨርሲቲው ግቢዎች አንዱ በሆነው ፔዳ ግቢ ገባች። ወላጆቿ አራሾች ሲሆኑ የትምህርት ወጪዋን የሚችለው ነፋስ መውጫ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ታላቅ ወንድሟ ነው። በወር የሚልክላት 3,000 ብር ሲሆን ከዚያ በላይ ቢል ከልጆቹ ጉሮሮ ነጥቆ ነው።

ጥያቄውን ያመጣችው አብራት የተመደበች የአገሯ ልጅ ናት። «ዶርም ጫጫታ ነው፣ ካፌው አይበላም፤ ሁለት ሆነን ከበሩ አጠገብ አንድ ክፍል እንከራይ» አለች። ወንድምየው መጀመሪያ ላይ ተስማምቶ ነበር፤ ሂሳቡ የሚያስኬድ መሰለው። በኋላ ሐሳቡን ለምን እንደለወጠ ደረጃ በደረጃ ብናየው ለብዙ ቤተሰብ ይጠቅማል፤ በየዓመቱ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሱ ሊሳሳት በነበረበት ቦታ ነውና።

የቤተሰቡ የመጀመሪያ ስሌት

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በወጪ መጋራት (ዕዳውን ሥራ ሲይዝ ሊከፍል ውል ፈርሞ) የሚማር ተማሪ ምግቡን ከካፌ ይበላል፣ አለዚያ «ኖን ካፌ» ሆኖ የምግቡን ገንዘብ በእጁ ይቀበላል። የቀን የምግብ ተመኑ ለዓመታት 15 ብር፣ ከዚያ 22 ብር ነበር፤ በ2017 ወደ 100 ብር ከፍ አለ። በወር 3,000 ብር ማለት ነው። ወንድምየው ይህን ከራሱ 3,000 ጋር ደምሮ 6,000 አገኘ። ክፍሉ 3,500 ብር ነው፤ ለሁለት ሲካፈል 1,750። ቀሪው 4,250 ለምግብና ለፎቶ ኮፒ ይበቃል፣ ጤፉም ሽሮውም ከቤት ይጫናል አለ።

ስሌቱ ውስጥ ያልገቡት ነገሮች ናቸው ሚዛኑን ያዛቡት። አንደኛው የጤፉ ነገር ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 ዋት በላይ ይስባል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይጠጋል። የጓሮ ሰርቪስ ክፍሎች መስመር የተዘረጋው ለአንድ አምፖልና ለአንድ ሶኬት ታስቦ ስለሆነ ይህን አይችልም፤ ቢችል እንኳ ቆጣሪው የጋራ ነውና አከራይ ምጣድ አይፈቅድም። ዱቄቱ ቢመጣም የሚጋገርበት የለም፤ እንጀራ ይገዛል። በዚያ ሰሞን አንዱ እንጀራ 25 ብር ነበር። በቀን ሦስት ቢበላ 75፣ በወር 2,250 ብር። ዘይቱ፣ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ከሰሉ፣ ዳቦና ስኳሩ ሲጨመር፣ ሽሮና በርበሬው ከቤት መጥቶ እንኳ፣ ምግብ ብቻ 4,000 ብር ገባ።

በዚህ ላይ መብራትና ውሃ 200፣ ሲመሽ ባጃጅ 500፣ ሳሙና፣ ፎቶ ኮፒና የስልክ ዳታ 1,000። ኪራዩን ጨምሮ ወርሃዊው ወጪ 7,450 ሆነ። ከ6,000 ሲቀነስ በየወሩ 1,450 ብር ይጎድላል። ዶርም ገብታ ካፌ ብትበላ ግን ሳሙናውና ኮፒው 1,000፣ ለሻይና ለመክሰስ 800 ብር ብንይዝላት ከወንድሟ 3,000 ላይ 1,200 ይተርፋል። ይህ ትርፍ ሁለተኛው ወር ላይ መጽሐፍ ወይም ጫማ ይሆናል።

የመግቢያ ወጪም አለ። አከራይዋ የ3 ወር ቅድሚያ ጠየቁ፤ የልጅቷ ድርሻ 5,250። ደላላው የግማሽ ወር ኪራይ ወሰደ፤ ድርሻዋ 875። ፍራሽ፣ ምድጃ፣ ድስት፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ትንሽ ጠረጴዛና ቁልፍ 9,000 ያህል። ትምህርት ሳይጀመር 15,125 ብር ወጣ ማለት ነው። የኖን ካፌ ገንዘብ ደግሞ ተማሪው ተመዝግቦ፣ የባንክ ሂሳቡን አስገብቶ፣ ስሙ ከካፌ ዝርዝር ወጥቶ ከተጣራ በኋላ የሚለቀቅ ስለሆነ የመጀመሪያው ወር የሚታለፈው ከቤት በመጣ ብር ነው። ኪራይ በ12 ወር፣ ትምህርት ግን በ10 ወር ገደማ እንደሚቆጠርም ብዙ ሰው ይረሳል። ክረምቱን ክፍሉን ለመያዝ 3,500 ብር ባዶ ቤት ላይ ይፈሳል።

ክፍሉን ሁለት ጊዜ ማየት

ወንድምየው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ቤቱን ሁለት ጊዜ ማየቱ ጉዳዩን ለወጠው። መጀመሪያ የሄዱት ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ከበሩ በእግር 15 ደቂቃ፤ ግቢው ጥላ ያለው፣ ክፍሉ 3 በ3 ሜትር፣ ግድግዳው አዲስ ኖራ የተቀባ፣ ኮርኒሱ የማዳበሪያ ጆንያ። ደህና ቤት ይመስላል። ሁለተኛ የሄዱት ከምሽቱ 1፡30 ነው፤ ያኔ ሌላ ቤት ሆኖ አገኙት።

አምፖሉ ሲበራ ብርሃኑ ፈዘዘ፤ በዚያ ሰዓት ጎረቤቱ ሁሉ ምድጃ ስለሚሰካ ኃይሉ ይወርዳል። ሶኬቱን ወንድምየው በባትሪ ብርሃን ጠጋ ብሎ አየው። በአንደኛው ቀዳዳ ዙሪያ ፕላስቲኩ ጠቁሮ በትንሹ ቀልጧል። እንዲህ የሚሆነው 1,500 ወይም 2,000 ዋት ምድጃ በቀጭን ገመድ ላይ ሲሰካና የሶኬቱ መያዣ ሲላላ ነው፤ የላላው ቦታ ይግላል፣ በጋለ ቁጥር ይበልጥ ይላላል። የጠቆረ ሶኬት ያለበትን ቤት አከራዩ በራሱ ወጪ ሳያስቀይር አትግቡ።

ከግድግዳው በታች፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ኖራው የተነሳበት ዙሪያውን የዞረ መስመር ነበር። ባሕር ዳር ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በሐምሌና በነሐሴ ቦዩ ሲሞላ ውሃው ወደ ዝቅተኛ ግቢዎች ይመለሳል። ያ መስመር የክረምቱ ውሃ የደረሰበት ነው። አዲስ ቀለም ከላይ ሲሸፍነው ከታች ያጋልጠዋል። ፍራሽ መሬት ላይ የሚያነጥፍ ተማሪ ይህን መስመር ሳያይ መከራየት የለበትም።

ስለ ውሃ የነገረቻቸው አጠገብ ያለችው ተከራይ ናት። «ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ነው የሚመጣ፤ ያን ጊዜ ካልቀዳሽ የለም፣ እህቴ።» የውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ አልነበረም። ሽንት ቤቱ ለ7 ቤት አንድ ነው። አከራይዋን ስለ ሰዓት ሲጠይቋቸው «በሩ 2፡30 ይዘጋል፣ ልጄ። ሴት ልጅ ናችሁ፣ እኔም ኃላፊነት አለብኝ» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ከክፋት አይደለም። ግን ቤተ መጻሕፍቱ ከዚያ በኋላ ነው የሚሞቀው። ፈተና ሲደርስ ጓደኞቿ ምሽቱን አብረው ጥያቄ ሲሠሩ እሷ ከ2 ሰዓት በፊት ደብተሯን አጥፋ መውጣት ይኖርባታል። በክልሉ ካለው የጸጥታ ሁኔታ የተነሳ በከተማዋ ምሽት ላይ የባጃጅ እንቅስቃሴ የተገደበባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ እንዲያ ባለ ጊዜ ከግቢ ውጭ የሚያድር ተማሪ ቀኑ ያጥርበታል።

በአባይ ማዶ ርካሽ ክፍል አለ ተብለው እሱንም አይተው ነበር። ኪራዩ በ800 ብር ያንሳል። ግን ወደ ፔዳ ለመምጣት በየቀኑ ድልድዩን መሻገር ያስፈልጋል። በግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ ድልድይ መንገዱን አቃልሎታል፤ የባጃጁ ሂሳብ ግን ደርሶ መልስ ሲባዛ ያን 800 ብር በሙሉ ይበላዋል።

ከሁሉ የከበደው ነጥብ፦ ምደባው

እስከዚህ ያለው የገንዘብና የምቾት ነገር ነው፤ ወንድምየው በአንድ ወገን ጨክኖ ቢበደር ሊወጣው ይችል ይሆናል። የአንደኛ ዓመት ተማሪን ከሌላው የሚለየው ግን ይህ ነው፦ የት እንደሚማር ገና አልታወቀም። የፍሬሽማን ፕሮግራም በ2012 ከተመለሰ ወዲህ ተማሪው መጀመሪያ የጋራ ኮርሶችን ይወስዳል፤ ትምህርት ክፍሉን የሚያገኘው በኋላ በውጤቱና በምርጫው ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በአንድ አጥር ውስጥ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. ሲቋቋም ሁለት ቆየት ያሉ ተቋማት ናቸው የተዋሃዱት፤ ፖሊ ከፖሊቴክኒኩ፣ ፔዳ ከፔዳጎጂ አካዳሚው ስማቸውን እንደያዙ አሉ። ምህንድስና የደረሰው ወደ ፖሊ፣ ግብርና የደረሰው ከከተማው ወጣ ብሎ በጎንደር መንገድ ወዳለው ዘንዘልማ ይሄዳል።

ስለዚህ በፔዳ በር ላይ የተከፈለ የ6 ወር ወይም የዓመት ኪራይ፣ ገና ባልታወቀ ግቢ ላይ የተደረገ ውርርድ ነው። እኛ ለቤተሰቦች የምንለው አንድ ነገር ነው፦ በመጀመሪያው ዓመት ዶርምና ኪራይን በዋጋ አታወዳድሩ፤ የትኛው ውሳኔ ሊመለስ እንደሚችል አወዳድሩ። ዶርም የያዘ ተማሪ ካልተስማማው በሁለተኛው ሴሚስተር ለቅቆ ሊከራይ ይችላል። በምዝገባ ቀን አልጋውን ትቶ የወጣ ግን ኅዳር ላይ ልመለስ ቢል አልጋው ለሌላ ተሰጥቷል፤ ክፍት ቦታ እስኪገኝ ደጅ ይጠናል።

ምርጫውም ሁለት ብቻ አይደለም። ዶርም አድሮ ኖን ካፌ መሆን ይቻላል፤ በብዙ ተማሪ ዘንድ ይህ ነው መካከለኛው መንገድ። ልጅቷም የወሰደችው ይህን ነው፤ አንደኛውን ሴሚስተር በካፌ፣ ሁለተኛውን በኖን ካፌ።

ዶርሙ በእውነት ምን ይመስል ነበር

ክፍሉ ውስጥ 3 ተደራራቢ አልጋ፣ 6 ተማሪ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ሎከር። ጫጫታው እውነት ነው፤ የአገሯ ልጅ አልዋሸችም። እንቅልፍ የሚያሳጣው በአብዛኛው የመብራት ጉዳይ ስለሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ስድስቱ ተነጋግረው የሚጠፋበትን ሰዓት ወሰኑ፤ ከዚያ በኋላ የሚያነብ ወደ ቤተ መጻሕፍት ወይም ወደ ባዶ ክፍል ይሄዳል። ይህን ንግግር በመጀመሪያው ሳምንት ያላደረገ ዶርም በሦስተኛው ወር ላይ በኩርፊያ ይከፋፈላል።

የዶርሙ ተቆጣጣሪ (ፕሮክተሩ) ፍራሽ፣ ሎከርና የክፍል ቁልፍ ሲያስረክብ ተማሪው ይፈርማል። እዚህ ላይ መቸኮል በኋላ ያስከፍላል። ልጅቷ ፈርማ ከመውሰዷ በፊት ሎከሩ ማጠፊያው የተነቀለ መሆኑን አሳይታ በወረቀቱ ላይ አስጽፋለች፤ ዓመቱ ሲያልቅ ክሊራንስ (የተረከቡትን ንብረት የመመለስ ማረጋገጫ) የሚሠራው በዚያ ወረቀት ነው። የፍራሹን ስፌት ገልጣ ትኋን ይኖር እንደሆነ አየች። ጥቁር ነጠብጣብ ስፌቱ ላይ ካለ ትኋን አለ ማለት ነው፤ ፍራሹን ማስቀየር፣ ካልተቻለ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ማውጣትና የአልጋውን ብረት መጋጠሚያ በፈላ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል።

ከቤት ያመጣችው ብርድ ልብስ፣ ሁለት አንሶላ፣ ትራስ፣ ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ሁለት ጠንካራ ቁልፍና አጎበር ነው። አጎበሩን ብዙ የደጋ ልጅ ይንቀዋል፤ የጋይንት ደጋ ወባ ስለማያውቅ። ባሕር ዳር ግን ከ1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ፣ ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናት፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ የሚበረታበት ወቅት ነው፤ አዲስ ተማሪ የሚገባውም በዚያው ሰሞን ነው። ከደጋ የመጣ ልጅ ሰውነቱ ስላልለመደው ይበልጥ ይጎዳል። የታችኛው አልጋ ላይ አጎበር በላይኛው አልጋ ብረት ላይ በቀላሉ ይታሰራል፤ የላይኛው አልጋ ላይ ግን ከኮርኒስ ማንጠልጠያ ይፈልጋል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሲጀምር ጉንፋን ነው ብሎ ፓራሲታሞል መዋጥ ሳይሆን በዚያው ቀን ደም መመርመር ነው።

ኖን ካፌ ስትሆን ችግር የሆነባት የማብሰያው ነገር ነው። ዶርም ውስጥ ምድጃና ሄተር አይፈቀድም፤ ተደብቆ የሚሰካው የሙሉ ብሎክ መብራት ያጠፋል፣ እሳትም ያስነሳል። ስለዚህ ከሦስት ልጆች ጋር ሆና ከግቢው በር ፊት ለፊት ከምትሠራ አንዲት እናት ጋር በወር ተስማሙ፤ ሽሮና በርበሬውን እነሱ ያመጣሉ፣ እናትየው በቀን ሁለት ጊዜ ሠርታ ታበላቸዋለች። በጾም ወራት ይህ ስምምነት ርካሽ ሆኖ ወጣ፤ በፍስክ ጊዜ ከ100 ብሩ ላይ በቀን ከ20 እስከ 30 ብር ትጨምር ነበር። ወደ ኖን ካፌ መቀየር የሚቻለው ሴሚስተር ሲጀምር በሚወጣው ማስታወቂያ ቀን ነው፤ ቀኑ ካለፈ ካፌ መብላቱ ይቀጥላል።

የወጪ መጋራቱ ውል በየዓመቱ ይፈረማል። መኝታና ምግብ ሙሉ በሙሉ፣ የትምህርቱ ወጪ ደግሞ በከፊል በተማሪው ስም ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይቆረጣል። ስለዚህ በተከራየበት ዓመት የመኝታ ወጪ እንዳይሰፈርበት፣ ኖን ካፌ ከሆነም እንደዚያው እንዲጻፍ ፎርሙን አንብቦ መፈረም አለበት። ብዙ ተማሪ መጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ ይፈርማል።

ተከራይ የሆነችው

የአገሯ ልጅ ሐሳቧን አልቀየረችም፤ ሌላ ልጅ አግኝታ ያንኑ ክፍል ያዘች። ውሉ የቃል ነበር። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድመ ክፍያ ከ2 ወር እንዳይበልጥ፣ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ኪራዩም በባንክ እንዲከፈል ይላል፤ በክልሎች የሚሠራው ግን ክልሉ በወሰናቸው ከተሞች ነው። አዋጁ ቢሠራም ባይሠራም ተማሪ የሚጠበቀው በራሱ ወረቀት ነው፦ የወሩ ዋጋ፣ ለስንት ጊዜ እንደማይጨመር፣ መብራትና ውሃ በነፍስ ወከፍ ወይስ በቆጣሪ፣ የበሩ ሰዓት፣ የቅድሚያው ብር በመጨረሻ ወራት ኪራይ እንደሚታሰብ፣ እና ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ዋናው፣ የግቢ ምደባ ከተቀየረ የ30 ቀን ማስታወቂያ ሰጥቶ ቀሪውን ብር መውሰድ እንደሚቻል። ሁለት ምስክር ይፈርም፤ ብሩ በባንክ ይላክ፣ ደረሰኙ ይቀመጥ።

ይህ አልነበረምና ጥር ላይ ኪራዩ በ500 ብር ጨመረ። ከዚያ የባሰ ሊሆን የነበረው በአንድ ብርዳማ ሌሊት ነው። ልጆቹ መብራት ስለጠፋ በከሰል እራት ሠርተው፣ ፍሙን ለሙቀት ክፍሉ ውስጥ ትተው፣ በርና መስኮቱን ዘግተው ተኙ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንደኛዋ ራሷን አሟት ለመነሳት ስትል ጉልበቷ ከዳት፤ እየተሳበች በሩን ከፈተች። የከሰል ፍም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጭሱ አለቀ ማለት ጋዙ አለቀ ማለት አይደለም፣ እንዲያውም ቀልቶ ጭስ አልባ የሆነው ፍም ያታልላል። ማንደጃው ደጅ ይውጣ፣ ደጅ ይደር። የተከራየ ተማሪ ሁሉ ይህችን አንዲት ነገር ብቻ ቢይዝ ይበቃናል።

ኪራይ የሚሻልበት ጊዜ የለም ለማለት አይደለም። ከተማው ውስጥ አክስት ወይም አጎት ያለው ልጅ፣ የሚያጠባ ሕፃን ያላት ተማሪ፣ በስኳር ሕመም ምክንያት ኢንሱሊኑን ማቀዝቀዣ ውስጥ ማኖርና ምግቡን በሰዓቱ መብላት ያለበት ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ውጭ ቢያድር ልክ ነው። ከፍለው የሚማሩትም ብዙ ጊዜ ዶርም ስለማይደርሳቸው ምርጫ የላቸውም። እነዚህ በወር በወር የሚከፈል ቤት ይፈልጉ፤ የዓመት ቅድሚያ አይክፈሉ።

ዓመቱ ሲያልቅ ምደባው ወጣ። ልጅቷ ግብርና ደርሷት ወደ ዘንዘልማ ተዛወረች። ክሊራንሷን በአንድ ቀን ጨረሰች፤ የተነቀለው የሎከር ማጠፊያ በወረቀቱ ላይ ስለነበረ አልተጠየቀችበትም። ብርድ ልብሷን፣ ባልዲዋን፣ አጎበሯንና ሁለቱን ቁልፎች በአንድ ባጃጅ ጭና ድልድዩን ተሻገረች። የአገሯ ልጅ ፖሊ ደረሳት። ለሰኔና ለሐምሌ የከፈለችውን ብር አከራይዋ ግማሹን መለሱላት፤ ፍራሹንና ምድጃውን ቀጥላ ለገባችው ተከራይ በ2,000 ብር ሸጠችና በሁለተኛው ዓመት ዶርም ተመዘገበች።